ከኦርሜላ የመጣው ሽምግልና

አንድን አገር ለመውደድ አገሩ የግድ መኖር የለበትም! እንዲያውም የሌለ አገር ለፍቅር ይመቻል። ግብር ክፈሉ አይላችሁ፣ ስብሰባ ኑ አይላችሁ፣ መብራት አጥፍቶ አያስመርራችሁ። የንጉሡን ጉድ በየሻይ ቤቱ ብታወሩ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። እኔ እንዲህ ያለ አገር ነበረኝ። ኦርሜላ ይባላል። ካርታ ላይ እንዳትፈልጉት… ማለቴ፣ ካርታስ አለው። ብዙ ካርታ አለው! የሌለው አገሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮዎቹ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች አንዱን ፕላኔት ከነሰዉ፣ ከነወንዙ፣ ከነጦርነቱ ይፈጥሩና ቅጽ በቅጽ ይጽፉበታል። ቅጹ ሲበዛ አንባቢ ይምታታበታል። ማን የማን ልጅ ነው? የትኛው ከተማ ነው የተቃጠለው? ያን ጊዜ አንድ ሌላ ትጉህ ሰው ይነሳና የዚያን የሌለ ዓለም መመሪያ መጽሐፍ ያዘጋጃል። በፊደል ተራ፣ እንደ መዝገበ ቃላት። ነገሥታቱ ከነዘር ሐረጋቸው፣ አውሬዎቹ ከነእግራቸው ብዛት፣ ምግቡ፣ በዓላቱ፣ የቀን አቆጣጠሩ… አንድም ሳይቀር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ስለ እኛ ሰፈር እንኳ እንዲህ ተሟልቶ የተጻፈ ነገር የለም።

የኦርሜላን መመሪያ ያገኘሁት እዚሁ ጎንደር ፒያሳ፣ አስፋልት ዳር አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ነው። ግንቡን ሊጎበኝ የመጣ አንዱ ቱሪስት ሆቴል ረስቶት ሄዶ ይሆናል። ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ነው። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ጡብ የሚያህል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሳይ ልቤ አይችልም። ገዛሁት። ቤት ገብቼ ስከፍተው ነው ጉዱ የገባኝ። መመሪያው አለ፤ ልብ ወለዱ ግን የለም! ሠርጉን ሳታዩ የሠርገኛውን ስም ዝርዝር እንደ መያዝ በሉት። «ጄኔራል ቶርቫን፦ የሰሜን ጦር አዛዥ፤ ሁለት ጊዜ አግብቷል፤ ድልድዩ ላይ የደረሰበትን አራተኛው ቅጽ ይመልከቱ» ይላል። አራተኛው ቅጽ ጎንደር አልገባም! ሰውየው እስከ ዛሬ ድረስ እኔ ዘንድ ድልድይ ላይ እንደቆመ ነው።

ቢሆንም ወደድሁት። ጧት ማታ አነበብሁት። ባለቤቴ ሐያት አንድ ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

«የኦርሜላ ንግሥት ቁርሷን ምን እንደምትበላ ታውቃለህ። እኛ ቤት ዘይት እንዳለቀ ግን አታውቅም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ንግሥቲቱ የምትበላው የተጠበሰ የዛፍ እንቁላል ነበር።

በዚህ መሐል ነው አማቴ ሐጂ እድሪስ፣ የሐያት አባት፣ ከደረጃ የወደቁት። ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደንቢያ ገበሬ እህል ሲገዙ፣ ሲያከማቹ፣ ሲያስጭኑ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። አዲስ ዓለም ያለው ቤታቸው ፎቅ ነው፤ መኝታቸው ከላይ ነው። ወጌሻው እግራቸውን በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረና «ደረጃ የሚባል ነገር በዓይንዎም እንዳያዩ» አላቸው። ቁስቋም ያለው የእኛ ኪራይ ቤት ደግሞ ደረጃ የለው፣ ፎቅ የለው… ተዘርግቶ የተኛ ቤት ነው። ስለዚህ ወደ እኛ መጡ። የሐያት እናት ልብሳቸውን አስይዛ ስትሸኛቸው፣ «ያንተ ቤት ይሻለዋል ልጄ። ይቆይ… አይቸኩል» አለችኝ። «አይቸኩል» ስትል ፊቷ እንዴት እንዳበራ ብታዩት!

ወዲያው ገባኝ። ሐጂ መቀመጥ የማያውቁ ሰው ናቸው። አልጋ ላይ ሆነው ቤቱን ያስተዳድሩት ጀመር። ሐያትን ጤፍ እንዴት እንደሚለካ፣ እኔን እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ጎረቤቱን እንዴት በር እንደሚያንኳኳ ያስተምራሉ። ሬዲዮ ሲከፈትላቸው ከዜና አንባቢው ጋር ይጣላሉ። በሳምንቱ ሬዲዮውም ድንጋዩን ጨረሰ፤ እኛም ትዕግሥታችንን ጨረስን።

አንድ ከሰዓት ዓይናቸው መጽሐፌ ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው ይሄ ትልቅ መጽሐፍ?»

«ስለ አንድ አገር ነው፣ ሐጂ።»

«የት ያለ አገር?»

«የለም። ፈጠራ ነው።»

«ምን የፈጠራ ያልሆነ አለ? ሁሉንም የፈጠረው አላህ ነው። አንብብልኝ!»

«አይ… ማለቴ፣ ይሄን እንኳ ሰው ነው የፈጠረው።»

«አስተግፊሩላህ በል!»

አስተግፊሩላህ አልሁና ከመጀመሪያው ፊደል ማንበብ ጀመርሁ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

እያነበብሁ እተረጉማለሁ፤ እሳቸው ትራስ ተደግፈው ይሰማሉ። እኔ የሚያስደስተኝ ጦርነቱና የሚበሩት መርከቦች ነበሩ። ሐጂ ግን፣ «ጦርነቱን እለፈው። ምን ያመርታሉ?» ይሉኛል። ኦርሜላ ውስጥ በጨረቃ ብርሃን የሚበስል ሰማያዊ እህል አለ። ሲሰሙ ከትራሱ ብድግ አሉ።

«ነቀዝ ይበላዋል?»

ገጹን አገላበጥሁ። «አይልም፣ ሐጂ።»

«ነቀዙን ሳይጽፍ እህል ጻፍሁ ይላል እንዴ! ቀጥል እስቲ።»

የኦርሜላ ጨረቃዎች ሦስት ናቸው የሚለው ላይ ስንደርስ ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ።

«ሦስት?»

«ሦስት።»

«ረመዷንን በየትኛዋ ነው የሚይዙ?» አሉና ጥቂት አሰቡ። «በአንዷ እንኳ ስንት እንጨቃጨቃለን! አልሐምዱሊላህ።»

እንዲህ እንዲህ እያልን ወራት ሄዱ። ቤቱ ሰላም አገኘ። ሐያት እንኳ መጽሐፉን አቧራውን እየጠረገች ታቀብለኝ ጀመር። የመጣው ጠያቂ ሁሉ ስለ ኦርሜላ ገበያ ሳይሰማ አይወጣም። እኔም በልቤ፣ ወይ መተርጎም… ወይ ችሎታ… እያልሁ ኮራሁ። ኩራቴ ግን ሞገስና ደረሰ እስኪመጡ ድረስ ነበር።

ሞገስና ደረሰ ወንድማማች ናቸው፤ ከኮላ ድባ ወዲያ ነጭ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች። ሐጂ ከአባታቸው ጀምሮ እህላቸውን ሲገዙ የኖሩ ናቸውና እንደ ዘመድ ይተያያሉ። አያ ሞገስ ታላቁ ነው፤ ሲናገር ድምፁ ከእሱ ቀድሞ ይገባል። ደረሰ ታናሹ ነው፤ እሱ አይናገርም፤ ይከማቻል። በገበያ ቀን ሞገስ አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት ይዞ ሐጂን ሊጠይቅ መጣ። ገና ከመቀመጡ ደረሰ ሌላ ጉንጉን ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ። ወንድሙን ሲያይ ጉንጉኑን ደፉ ላይ አስቀምጦ ሊመለስ ዞረ።

«ግባ!» አሉ ሐጂ። እንዲህ ሲሉ እግራቸው የተሰበረ አይመስልም። ገባ።

ለካስ ነገሩ ከሯል። ከወንዙ የተጠለፈው ቦይ መጀመሪያ የሞገስን ማሳ ያጠጣል፤ ቀጥሎ ወደ ደረሰ ይወርዳል። ሞገስ «የእኔ ሽንኩርት ይጥገብ» ብሎ ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ደፈነው። ደረሰ ሄዶ ናደው። ሞገስ መልሶ ደፈነው። በመጨረሻ አንዱ ዶማ፣ አንዱ መጥረቢያ ይዞ ቦዩ ላይ ተገናኙ፤ ጎረቤት ነው የገላገላቸው። አሁን ደረሰ በሬውን ሊሸጥ ነው አሉ። በሬ ሸጦ ምን ሊገዛ እንደሆነ አልተናገረም። በእኛ አገር ግን ሰው በእርሻ ወቅት በሬውን ሲሸጥ ፍራሽ ሊገዛ ነው ብሎ የሚያስብ የለም።

«ምነው ደረሰ?» አሉት ሐጂ፣ «ምነው?»

ደረሰ መሬት መሬት እያየ፣ «ልጆቼ ምን ይብሉ፣ ሐጂ? ማሳዬ ተሰነጠቀ። እሱ ታላቄ ነው፤ አባቴ ሲሞት በእሱ እጅ ነው የተወኝ» አለ።

«እኔ ምን ላድርግ? ውሃው አነሰ!» ብሎ ጮኸ ሞገስ።

«ውሃውስ አይደለም ያነሰ።»

«ምን ልትል ነው?»

ሁለቱም ተነሡ። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲነሣ ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሦስተኛው እኔ ነበርሁ። ሐያት ከጓዳ ብቅ ብላ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች፤ ለሚሰበር ነገር ቀድማ የምታስብ ሴት ናት።

ያን ጊዜ ነው ሐጂ ጉሮሯቸውን የጠረጉት።

«በኦርሜላ» አሉ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሕግ አለው።»

ክው አልሁ!

«ኦርሜላ ማን ነው?» አለ ሞገስ።

«አገር ነው። ውሃ የተቸገረ አገር። እንደ እናንተ ያለውን ነገር እዚያ ሽማግሌዎቹ ድሮ ጨርሰውታል። በዚያ ሕግ የላይኛው ሰው በየሳምንቱ አንድ ቀን ምሳውን ከታችኛው ሰው ቤት ይበላል። የግድ ነው። ሌላ ቦታ ቢበላ ነውር ነው። ይሄው አማቼ በእንግሊዝኛ ያለውን ያነብላችኋል። አንብብ፣ ጀማል!»

ወገኖቼ፣ ያን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ። እንዲህ የሚል ሕግ የለውም! ሐጂ ትንሽ ትኩሳት ነገር አላቸው እንዴ ብዬ ግንባራቸውን አየሁ። እሳቸው ደግሞ እኔን አዩኝ… ምን ዓይነት አስተያየት መሰላችሁ! ልጃቸውን እንዲድሩልኝ ሳስጠይቅ ያዩኝ አስተያየት ነው። መጽሐፉን ከፈትሁ። የተከፈተልኝ ገጽ ጉልቫ ስለሚባል ባለ ስድስት እግር እንስሳ ነው፤ ሲያስነጥሰው ፀጉሩ ይረግፋል ይላል። ከነሥዕሉ! ሥዕሉን በመዳፌ ሸፈንሁና በክፍል ድምፄ «አነበብሁ»።

«የላይኛው ሰው… ምሳውን ከታችኛው ሰው ቤት ይብላ። ከመብላቱ በፊትም…» ሐጂ ያሉት አልቆብኛል፤ አፌ ግን አልቆመም። «ከመብላቱ በፊትም እጁን ከታችኛው ሰው ማሳ በሚደርሰው በዚያው በቦዩ ውሃ ይታጠብ። ውሃው ካልደረሰ እጁን አይታጠብም። እጁን ካልታጠበ አይበላም።»

ሐጂን በስርቆት አየኋቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ ነው፤ እንዲህ በኩራት ያዩኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሸጋ ሕግ ነው» አለ ሞገስ ቀስ ብሎ። «የት ነው አገሩ?»

«ሩቅ ነው» አሉ ሐጂ።

እውነት ነው፤ ከዚያ በላይ ሩቅ የለም።

ደረሰ ቀና አለ። «ሰዎቹ ክርስቲያን ናቸው፣ እስላም?»

«ገበሬዎች ናቸው።»

ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከብዙ ክርክር በኋላ ቀኑ ረቡዕ ይሁን ተባለ። ረቡዕን የመረጡት ሐጂ ናቸው፤ «ለእናንተ ጾም ነው፣ ሥጋ የለበትም። እግሬ ሲድን መጥቼ እኔም እበላለሁ» አሉ። በኦርሜላ መመሪያ ውስጥ ረቡዕ የሚባል ቀን እንደሌለ ልናገር አሰብሁና ተውሁት።

በመጀመሪያው ረቡዕ ሞገስ ሄደ፤ ታጠበ፤ አንድ ቃል ሳይናገር በልቶ ወጣ። በሚቀጥለው ሄዶ ሽሮው ጨው አንሶታል አለ። ከዚያ በኋላ ባለው ጨው ይዞ ሄደ! ቦዩ ላይ የነበረው ጭቃ ማንም ሳያየው ተነሣ። በሬው ሳይሸጥ ቀረ። ይህን ሁሉ ደረሰ ራሱ መጥቶ ሲነግረን ሐያት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔም አንጀቴን በላኝ፤ ግን ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ይቆነጥጠኝ ነበር።

የሚቆነጥጠኝ ነገር አንድ ጧት ቦርሳ ይዞ በሬን አንኳኳ። ከወረዳ የመጣ የመስኖ ባለሙያ ነው። ወጣት፣ ትሑት፣ ንግግሩ ሁሉ የስብሰባ።

«የኦርሜላን ምርጥ ተሞክሮ አርሶ አደሮቹ ነገሩን» አለ። «በእውነቱ አርአያነት ያለው አሠራር ነው። ቀምረን ልናሰፋው አስበናል። መምህር፣ ከኦርሜላ ጋር የልምድ ልውውጥ ጉዞ ቢዘጋጅ… ኤምባሲያቸው አዲስ አበባ ነው ያለው?»

ሻዩ ትን አለኝ። ከአልጋው ላይ ሐጂ፣ «ጀማል ያውቃል፤ አስተማሪ ነው» አሉ።

«ቪዛ ያስቸግራል?» አለ ልጁ።

«በጣም» አልሁት።

ነገሩ ዳር ዳር የሚባልበት አልነበረም። ዝም ብል ነገ ተነገ ወዲያ አንድ ልዑክ ሻንጣውን ሸክፎ አውሮፕላን ማረፊያ ሊቆም ነው። ብናገር ደግሞ ወንድማማቾቹ «ተታለልን» ብለው ወደ ዶማቸው ይመለሳሉ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት አልሁና ባለሙያውን «ረቡዕ ምሳ ላይ እንገናኝ፤ ሁሉንም እዚያ እነግርሃለሁ» አልሁት። ሐጂም እግራቸው ድኖ በምርኩዝ መሄድ ጀምረዋል፤ «እኔም አለሁበት» አሉ።

በሚኒባስ እስከ ኮላ ድባ፣ ከዚያ በጋሪ። ሐጂ በመንገድ ላይ ስለ ጤፍ ዋጋ ብቻ ያወራሉ። እኔ የምናገረውን በልቤ እለማመዳለሁ፤ ጋሪው በዘለለ ቁጥር ይጠፋኛል።

የደረሰ ባለቤት ጥሩነሽ ሰፊ ትሪ አቀረበች። ሽሮ ነው፣ ጎመን ነው፣ አዲሱ ነጭ ሽንኩርት ቃሪያ ላይ ተከትፎበታል። ተራ በተራ በቦዩ ውሃ ታጠብን። ሞገስ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲጠቀልል ባለሙያው ከቦርሳው እስክሪብቶ አወጣ።

«እንግዲህ መምህር፣ ኦርሜላ በየትኛው አህጉር ነው ያለችው?»

ዓይኔን ጨፈንሁ። «የትም የለችም» አልሁ። «ተረት ነው። መጽሐፉ ሰው አስቦ የጻፈው የሌለ ዓለም መመሪያ ነው። አገሩ የለም፤ ሰዎቹም የሉም።»

የሞገስ እጅ በአፉና በትሪው መካከል ቆመ። ደረሰ ፊቱ አመድ መሰለ። የቦዩ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ሞገስ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ፤ ቀስ ብሎ ተነሣና ዱላውን ከግድግዳው አነሣ።

«የለም? እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰው ቤት ስመላለስ የኖርሁ… በሌለ አገር ሕግ ነው?»

«አያ ሞገስ…» አልሁ።

ደረሰም ሊነሣ ጉልበቱን ያዘ። እኔ ከወዲያ በኩል መውጫ አለ የለም እያልሁ ጓሮውን ማማተር ጀመርሁ፤ ዋሽቼ ምን ይጠቅመኛል። ሐጂ ብቻ እየበሉ ነው!

ጥሩነሽ የወጡን ድስት እንደያዘች መጣች። «አያ ሞገስ» አለች፣ «አገሩ ባይኖር ሽሮው አለ። ይቀዘቅዛል፤ ይቀመጡ!»

ሞገስ ሽሮውን አየ። ጥሩነሽን አየ። ዱላውን ወደ ቦታው መልሶ ተቀመጠ፤ ግን አልበላም።

«እና ሰው በሌለበት አገር» አለ፣ «እንዲህ ያለ ሸጋ ሕግ አወጡ?»

«ሰው ስለሌለበት ነዋ!» አለ ደረሰ።

መጀመሪያ የሳቀው ሞገስ ነው። ሳቁም እንደ ንግግሩ ነው፤ ዶሮዎቹ ሸሹ። ከዚያ ደረሰ ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ለካስ ወንድሙን ቁጭ ነው። ሞገስ ያስቀመጠውን ጉርሻ አነሣና በወንድሙ አፍ ጠቀጠቀው። ጥሩነሽ ድስቱን ይዛ ወደ ጓዳ ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላወቅሁም።

ባለሙያው ብቻ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀርቷል። «እኔ እንግዲህ አለቆቼን ምን ልበል?»

«መጀመሪያ ብላ» አለችው ጥሩነሽ ከጓዳ፤ «ከዚያ ትላለህ።»

በላ። ኋላ እንደሰማሁት ተሞክሮው «ከአጎራባች አካባቢ የተቀሰመ» ተብሎ ሰፍቷል። ረቡዕ ረቡዕ ሰው ቤት ምሳ የሚበላ ገበሬ በዚያ አካባቢ አሁን ብዙ ነው ይላሉ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከሐጂ ጎን ተቀመጥሁ። ምላሴን አላስቻለኝም።

«ሐጂ፣ ያ ሕግ እኮ በመጽሐፉ የለም።»

«አውቃለሁ። የእኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን የእኔ ነው አላሉም?»

«ብዬ ነበር! አባታቸው ሲሞት ‹አብራችሁ ብሉ› አልኋቸው። ‹ሐጂ፣ እህልዎን ይግዙ› አሉኝ። በውሃው የተጣሉ ጊዜም አልሁ። አረጀ አሉኝ። ከውጭ አገር መጣ ስላቸው ጊዜ ግን አንድ ቀን አላደሩበት።»

«ኦርሜላ እንደሌለችም ያውቁ ነበር?»

«ልጄ፣ ‹እህል ያለ ደላላ ይሸጣል› ብለህ ስታነብልኝ ነው የነቃሁት። እንዲህ ያለ አገር ቢኖር እኔ እዚህ ምን እሠራ ነበር?»

ስሜቴ ተነካ። ያን ሁሉ ወር ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተርጉሜያለሁ!

«ታዲያ ውሸት መሆኑን እያወቁ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ለምን አስነበቡኝ?»

ሐጂ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው በመስኮቱ ወደ ሜዳው ተመለከቱ።

«ምን ላድርግ?» አሉ፣ «ቤትህ ቴሌቪዥን የለ!»